ከባሕር ዳር እስከ ደቅ፦ ዳጋ እስጢፋኖስንና ናርጋ ሥላሴን በአንድ ቀን ተሳልሞ ለመመለስ

ጣናን ለማየት ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የክብራንን ደሴት በሩቁ አይቶ፣ ዘጌ ወርዶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ለምሳ ይመለሳል። ጥሩ ጉዞ ነው፤ ግን ዘጌ ልሳነ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም፣ በመኪናም ይደረሳል። ከሐይቁ ወገብ ላይ ያሉት ሁለት ደሴቶች፣ ናርጋ ሥላሴ ያለበት ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ያለበት ዳጋ፣ ነገራቸው ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ መሻገር ይጠይቃሉ፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ አቋራጭ የሚባል የላቸውም። ግራኝ አሕመድ በዘመተበት ጊዜ የየአድባራቱ ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች የሸሹትም በዚሁ ርቀታቸው ምክንያት ነው።

ጉዞው ከባድ አይደለም፣ ሰዓት ግን አይምርም። ደቅ ድረስ ደክሞ ደርሶ ሳያይ የሚመለስ ሰው ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይሸነፋል፦ አርፍዶ ይነሣል፣ ቅዳሴ ላይ ይደርሳል፣ ወይም ዳጋ ሴት እንደማይገባበት የሚሰማው ጀልባው ከድንጋዩ ሲጠጋ ነው። ሦስቱንም ቤት ሆኖ መከላከል ይቻላል።

ማን የት ይገባል

ከሁሉ በፊት ይህን ይወስኑ፤ የጀልባውንም መንገድ የሚወስነው ይኸው ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ከጀልባ ማረፊያው አልፋ ወደ ኮረብታው አትወጣም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ደንቡ ከየትም ብትመጪ፣ እንግዳም ብትሆኚ፣ ዕድሜሽም ቢገፋ አይለወጥም፤ ከአባቶች ጋር መከራከር ጊዜ ከማባከን በቀር ፍሬ የለውም። ናርጋ ሥላሴ ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው። ያሠራችውም ሴት ናት፣ እቴጌ ምንትዋብ። በክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስም ሴቶችን ያስገባል።

ቡድኑ ሴትም ወንድም ያለበት ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ጀልባው መጀመሪያ ዳጋ ሄዶ ሴቶቹ ማረፊያው ላይ ጥላ ሥር እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ይህ ማለት ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ሳያዩ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ናርጋ ሄዶ ሁሉም በአንድነት ከጎበኙ በኋላ ሴቶቹ ከአስጎብኚ ጋር ደቅ ላይ ቀርተው መንደሩን እያዩ ሲቆዩ ወንዶቹ ዳጋን ደርሰው መመለሳቸው ነው። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን ነዳጅና ሰዓት ይበላል፤ ወንዶቹም ኮረብታውን የሚወጡት በቀትር ፀሐይ ይሆናል። በእኛ ግምት ሴቶች ከሚበዙበት ቡድን ጋር ዳጋን ትቶ ናርጋን ረጋ ብሎ ማየት ይሻላል። ከፍለው የመጡ ሰዎችን ጀልባ ላይ አስቀምጦ መውጣት የቀኑን መንፈስ ያበላሻል።

የቀረው የቤተ ክርስቲያን ደንብ በሌላውም ቦታ የሚታወቀው ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ሕንፃው አትገባም፣ ከውጭ ትሳለማለች። ባልና ሚስት በዋዜማው ከመገናኘት ይታቀባሉ። ጫማ ከደጅ ይቀራል። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር መግባታቸው የተለመደ ነው፤ ለጉብኝት ግን የሚከፈተው አንዱ በር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቁልፍ የያዘውን አባት ይከተሉ።

ወሩና ቀኑ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ደሴቶቹ ገና አረንጓዴ ናቸው፣ የሐይቁም ከፍታ ጥሩ ስለሆነ ጀልባ ማረፊያው ድረስ ይጠጋል። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ለትልቅ ሐይቅ ትንሽ ይመስላል፤ ጣና ግን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማያልፍ፣ ዳርቻውም ለጥ ያለ ስለሆነ በግንቦት ውኃው ሸሽቶ ጭቃውና ድንጋዩ ይወጣል። የሞተሩ ፕሮፔለር ከተሰወረ ድንጋይ ጋር የሚጋጨውም ያን ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ለሩቅ ጉዞ አይመረጥም።

ቀኑን ሲመርጡ የዘመን መቁጠሪያውን ከፍተው ሦስት ነገር ይዩ። የመጀመሪያው ክብረ በዓል ነው። የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ይውላል፣ ወር በገባ በ7ም ይታሰባል። እስጢፋኖስ መስከረም 15፣ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ይከበራል፣ ወርኃዊው 17 ነው። ለንግሥ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቀናት ይፈልጋቸዋል። ሥዕልና ቅርስ ለማየት የሚሄድ ግን ይሽሻቸው፤ ሰው ይበዛል፣ ዕቃ ቤቱን የሚከፍት አባት አይገኝም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ነው። በቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ የደረሰ ጎብኚ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ደግሞ የመመለሻው ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በጾም ቀን ሁለቱንም ገዳማት ከ6 ሰዓት በፊት ማየት የማይቻል ከሆነ አንዱን ብቻ ይያዙ። እሑድ ተቃራኒው ነው፤ ቅዳሴው ከሌሊት ጀምሮ ማለዳ ስለሚያልቅ በ3 ሰዓት ለሚደርስ ሰው ይመቻል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጾም ካልሆነ፣ ከሁሉ የቀለሉት ቀናት ናቸው።

ሦስተኛው የሀገር ሁኔታ ነው። በመንገድም ሆነ በሐይቁ ላይ እንቅስቃሴ የሚታገድበት ቀን ሊኖር ይችላል። ዋዜማውን ከጀልባ ማኅበሩና ካረፉበት ሆቴል ይጠይቁ፣ የሁለቱ መልስ ካልገጠመ አይሂዱ። መታወቂያ ሁሉም ሰው ይያዝ።

ጀልባ መከራየት

ዋጋ ከመነጋገር በፊት ጀልባውን በዓይን ይዩ። ለዘጌ የሚበቃ ጀልባ ሁሉ ለደቅ አይበቃም። የሚታየው የሚከተለው ነው፦

- ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ አንድ አንድ። መቆለፊያው መያዙን አንዱን ለብሰው ይሞክሩ። ለሕፃን የሕፃን መጠን ያስፈልጋል፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል።
- ነዳጅ። ደንቡ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው ለመጠባበቂያ ነው። ደቅ ላይ ማደያ የለም። ጀሪካኑን ቆጥረው ይዩ፤ “ይበቃል” የሚል ቃል ብቻ አይበቃም።
- መጠባበቂያ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ መፍቻና ቢያንስ ሁለት መቅዘፊያ። ሁለተኛ ትንሽ ሞተር ካለው እሰየው።
- ጣራ። ለመሄጃና ለመመለሻ በድምሩ አምስት ስድስት ሰዓት ሐይቅ ላይ ይቀመጣሉ። የውኃው ነጸብራቅ ከታች፣ ፀሐዩ ከላይ ነው።
- የነጂው ስልክ መሙላቱና ወደብ ላይ የሚቀር ሰው ቁጥሩን መያዙ።

ስምምነቱ የጀልባ እንጂ የሰው ሒሳብ አይሁን፤ ማለትም ሙሉ ጀልባውን ለሙሉ ቀን ይከራዩ። የሚቆሙባቸውን ቦታዎች በስም ይጥቀሱ፦ “ዳጋ፣ ናርጋ፣ መልስ።” “ደቅ” ብቻ ብለው ከተስማሙ ጀልባው ለነጂው የሚቀርበው የደቅ ዳርቻ ላይ ያወርድዎትና ናርጋ ለመድረስ ደሴቲቱን በእግር መሻገር ሊኖርብዎ ይችላል። ናርጋ በደቅ ምዕራባዊ ጫፍ ነው፤ ዳጋ ደግሞ በሌላው ወገን፣ ራሷን ችላ የቆመች ትንሽ ተራራ የመሰለች ደሴት ናት። የመጠበቂያ ሰዓቱንም ይቁረጡ። ግማሹን ሲነሡ፣ ግማሹን ሲመለሱ መክፈል የተለመደና ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው። የገዳማቱ መግቢያ በጀልባው ዋጋ ውስጥ እንደማይካተት ይወቁ።

ደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ የሐይቁ ጌጥ ነው፣ በዳርቻው ሲቀዘፍ ማየት ደስ ይላል። ለዚህ ርቀት ግን አይሆንም። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ሰውም ዕቃም የሚይዘው ጥቂት ነው።

ለምን ማለዳ?

በጣና ማለዳው የተረጋጋ ነው። ፀሐይ እየጠነከረች ስትሄድ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ይነሣል፣ ከሐይቁ ያለው ቀዝቃዛ አየር በምትኩ ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ ረጅምና ዝግ ያለ ሳይሆን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ትንሽ ጀልባ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመታዋል። ፍርሃት ባይሆን እንኳ እስከ ወገብ መራስ አለ። ስለዚህ መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ይሁን። ነጂውን “12 ሰዓት” ሲሉት 1 ሰዓት ሊመጣ ይችላልና ማታውኑ ደውለው ያረጋግጡ፤ ነዳጁም ማታ ይቀዳ። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የጠፋ አንድ ሰዓት ማታ ማዕበል ላይ ይከፈላል።

ቀኑ እንዲህ ቢሄድ ጥሩ ነው። በ12 ተኩል ተነሥተው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው የጀልባ ጉዞ በ3 ወይም በ3 ሰዓት ተኩል ዳጋ ይደርሳሉ። ከመውጣት እስከ መውረድ ሁለት ሰዓት ይስጡት። ከዚያ በደቅ ዳርቻ ዞረው ናርጋ ለመድረስ እስከ አንድ ሰዓት ይያዙ፣ ምሳውንም እየሄዱ ይብሉ። ናርጋ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በምንም ምክንያት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ናርጋ ላይ መገኘት የለብዎትም፤ በ8 ከተነሡ በ11 ሰዓት ባሕር ዳር ነዎት፣ ሞተር ቢያስቸግር እንኳ ከመጨለሙ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይተርፋል። “ሲመለሱ ክብራንንም ዘጌንም ላሳይዎ” የሚል ነጂ ወይ ሒሳብ አያውቅም ወይ ሰዓት የለውም።

ምን ይያዝ

ውኃ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር። የሐይቁን ውኃ አይጠጡ፣ እግርዎንም አያስነክሩ፤ በጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ ጥገኛ ተሕዋስ አለ፣ በሣርና በደንገል መካከል ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የለሽ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ጀልባው ድንጋይ ወይም መወጣጫ ላይ እንዲጠጋ ይጠይቁ። ግድ ሆኖ ከረገጡ ወዲያውኑ በፎጣ አሽተው ያድርቁ።

ምግቡ የጾም ይሁን፤ ቀኑ የፍስክ ቢሆንም ገዳም ደጃፍ ላይ ሥጋና እንቁላል መፍታት ነውር ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ይበቃል። ሲጋራ ባሕር ዳር ይቅር። ማለዳ ሐይቁ ላይ ስለሚበርድ ጋቢ ወይም ጃኬት፣ ለቀትሩ ባርኔጣ፣ ለስልክና ለገንዘብ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልጋል። ሴቶች ነጠላና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ነጠላ ለወንድም ይመከራል። ጫማው ለድንጋይ መንገድ የሚሆን፣ ግን ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ካልሲ አይርሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ቁንጫ አያጣም።

ባዶ እጅ ከመሄድ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ መያዝ ደግ ነው። ለገዳም ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ አይበላሽም፣ ለማን ልስጥ የሚል ጭንቀትም የለበትም፤ ለተቀበለዎት አባት ይሰጣል። ሌላው ጥሬ ብር ነው። በየገዳሙ ለእያንዳንዱ ሰው የመግቢያ፣ ለቪዲዮ ደግሞ የተለየ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ባንክም የብር ማውጫ ማሽንም ደሴት ላይ የለም፣ ኔትወርክም እየመጣ ይሄዳል። ብሩ የተዘረዘረ ይሁን፤ አባቶች መልስ የሚሰጡበት ሳጥን የላቸውም። ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ቆራጩ አባት ራሳቸው ይጽፉልዎታል፣ ካልጻፉም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዳጋ

ጀልባው የሚያወርድዎ ከኮረብታው ግርጌ ነው። ሽቅቡ በዛፍ ጥላ ሥር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ቅጠል የሸፈነው ድንጋይ ያንሸራትታል። ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ስልክዎን ያጥፉ። መነኮሳት የሚኖሩበት እንጂ ሙዚየም አይደለም። የሚያገኙትን አባት “አባቴ፣ ይፍቱኝ” ይበሉ፤ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ብለው መስቀል ያሳልሙዎታል። ከዚህ በፊት ስለ ፎቶ ወይም ስለ ዕቃ ቤት አይጠይቁ።

ገዳሙን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክ ናቸው፤ ዘመኑ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ይኩኖ አምላክ የነገሠበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ለዕቃ ቤቱ ነው። የነገሥታት አፅም መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ ያርፋል፤ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.)፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ስም ይጠራል። የይኩኖ አምላክንም አባቶች ይጨምራሉ። እዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ለማንሣት መጣደፍ አስቀያሚ ነው። አባ ታሪኩን ሲናገሩ ይስሙ፣ ጥያቄ ካለዎት ያኔ ይጠይቁ፣ ፎቶውን እሳቸው ከፈቀዱ በመጨረሻ ያንሡ።

ከዕቃ ቤቱ ሀብት ሌላ ገዳሙ ታዋቂ የሚሆንበት የሰዓሊው ፍሬ ጽዮን ሥራ ነው፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል። የዚያ ዘመን ሰዓሊ ስሙን ትቶ ማለፉ ብርቅ ነውና ለሥነ ጥበብ ተማሪ ይህ ብቻውን ጉዞውን ያዋጣል። ሁልጊዜ ግን አይወጣም። ባይወጣልዎ አያስጨንቁ፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ የቆየው በየቀኑ ስላልወጣ ነው።

የብራና መጽሐፍ ሲያሳዩዎ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። ገጹን አባ ይገልጡልዎታል። የእጅ ወዝ ቀለሙን ያነሣል፣ ብራናውም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይጠመዘዛል፤ ለፎቶ ብለው “ወደ ብርሃን ያውጡልኝ” አይበሉ።

ናርጋ

ከዳጋ ሽቅብ በኋላ ናርጋ ዕረፍት ነው፤ ከማረፊያው እስከ ቅጥሩ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። በድንጋይ የተሠራው የቅጥር በርና ክቡ ቤተ ክርስቲያን የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥራ ነው። ምንትዋብ ከ1730 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆና ስታስተዳድር ካሠራቻቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ መሆኑን የግንቡ ጥራት ይነግርዎታል።

ቸኩለው ወደ ሥዕሉ አይሂዱ። መጀመሪያ በውጭ አንድ ዙር ይዙሩ፣ ዓይንዎ ከፀሐይ ወደ ጥላ ይልመድ። ከዚያ ሲገቡ የመጀመሪያው ቀለበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ መቅደስ ነው። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደ መቅደሱ ውስጥ ከካህናት በቀር ማንም አይገባም፣ መጋረጃውን ገልጦ አጮልቆ ማየትም የተከለከለ ነው።

በምዕራቡ በር ይጀምሩ። በጣና ክብ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይጠብቃሉ። ወደ ቀኝ፣ ማለት ወደ ደቡብ ሲዞሩ የእመቤታችን ታሪክና ተአምራት፣ በሰሜኑ ደግሞ ፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት ይበዛሉ። ሰዓሊው ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ ከጎን እንደሣለው ካወቁ ታሪኩን የማያውቁትን ሥዕል እንኳ ማንበብ ይችላሉ። የናርጋ ሥዕሎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ናቸው፦ ፊትና እጅ ጥላ አላቸው፣ የልብሱ አበባ እየተቆጠረ ተሥሏል። ከዚያ በፊት የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ጥላ የለውም፣ ቀለሙ ደማቅና ዝርግ ነው። በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍታ የምትታየውን ሴት ይፈልጉ፤ እሷ ምንትዋብ ናት።

ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። እርጥበት ጨርቁን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፣ የተላቀቀው ደግሞ ትከሻ ሲነካው ይቀደዳል። የጀርባ ቦርሳዎን ከውጭ ይተዉ፣ አይደገፉ። ፍላሽ ቀለም ያደበዝዛል ስለሚባል በየትኛውም ገዳም አይፈቀድም፤ የስልክዎን ፍላሽ ከመግባትዎ በፊት ያጥፉ፣ ውስጥ ገብተው “ረስቼው ነው” ማለት የተለመደ ይቅርታ ሆኗል። ብርሃን ካነሰ አባ በር ይከፍቱልዎታል፤ በትር ይዘው እያመለከቱ ሲያብራሩ ከበትሩ ፊት አይቁሙ። ለፊልም ሥራ ወይም ለጥናት ረዘም ላለ ቀረጻ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ አስቀድሞ ማጻፍ ግድ ነው። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሣም።

ሐይቁ ላይ የሚያጋጥም

እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና ተስፋፍቷል፣ ዋናው መናኸሪያው የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ነፋስ ግን ቁራጩን ወደ ደቡብም ያመጣል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ድምፁ ይወፍርና ይሞቃል። ነጂው ሞተሩን ማጥፋት፣ ማንሣት፣ በእጁ ማጽዳት አለበት፤ እያጨሰ ልግፋ ካለ ያስቁሙት። ያን ጊዜ እርስዎ ወደ ኋላ ሄደው ላግዝ አይበሉ፤ ክብደት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ጀልባው ይዘነብላል።

ናርጋ ላይ እያሉ ነፋሱ ከበረታ መነሣትዎን ያዘግዩ እንጂ በማዕበሉ መካከል ዕድልዎን አይሞክሩ። ደቅ ሰው የሚኖርበት ደሴት ስለሆነ ማደሪያ አይጠፋም፤ ለገዳሙ አባቶች ወይም ለመንደሩ ሽማግሌ ነግረው ያድሩ፣ ወደብ ላለው ሰውም ይደውሉ። ለዚህ ቀን ሲባል አንድ ቀላል ብርድ ልብስና አጎበር በጀልባው ጥግ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ጣና ወባማ ነው፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር።

ማዕበል ላይ ከተያዙ ደግሞ ሁሉም ከወንበር ወርዶ ጀልባው ወለል ላይ መሐል ይቀመጥ፣ ጃኬቱ እስከ አንገት ይቆለፍ፣ ማንም አይቁም። ነጂው ፍጥነት ቀንሶ ማዕበሉን በጀልባው ጎን ሳይሆን በአፍንጫው፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ይቁረጥ። ስልክ ለማውጣት የሚነሣው ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው።

ባሕር ዳር ሲቃረቡ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አካባቢ ጉማሬ ይወደዋል። ለማየት መጓጓት ያለ ነው፤ ጀልባው ግን በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል አይግባ፤ መውጫ የተዘጋበት ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጆች መረብ መዘርጋት ይጀምራሉ፣ ተንሳፋፊውን ምልክት ነጂው ካላየ ከፊት የተቀመጠው ሰው ይጠቁመው። ወደብ ደርሶ ጀልባው ከታሰረ በኋላ የጃኬቱን ቁጥር አስረክበው የቀረውን ሒሳብ ይክፈሉ።